እምቢልታ በማሽላ ማማ ላይ

የሮቢት ቆላን ወፍ ያላየ ሰው ወፍ አየሁ ባይል ይሻለዋል። ጣሊያን የጣርማ በርን ተራራ በድማሚት ሲፈለፍል በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ማሽላው ሲያሸት የሚወርደው መንጋ ፀሐይዋን ይጋርድና ዶሮዎች መሸ ብለው ቆጥ ይወጡ ነበር። አንድ ዓመትማ ለማስፈራሪያ የቆመውን የጨርቅ ሰው ከነቆቡ አንሥተው አሊዩ አምባ ገበያ ጣሉት ይባላል። ያየ የለም፤ አላምንም ያለም አልተገኘም።

መምህር ሞገስን ግን ከወፉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ሌላ ነበር። ጠላት ሳይገባ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወደ ይፋት ወርዶ፣ ከመኪናው መንገድ ራቅ ባለ ሾላ ሥር ጠዋት ፊደል፣ ከዚያ በኋላ እምቢልታ ያስተምር ነበር። እምቢልታ ደግሞ እንደ ዋሽንት አይደለም። ሸምበቆው ለየብቻው ዜማ አያወጣም፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ነው ዜማ የሚሆነው። አንድ ልጅ ሲቀር ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይሆናል። ማሽላው ካሸተ ወዲህ አባቶች ልጆቻቸውን አንድ በአንድ እየወሰዱ ወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ ሰቀሏቸው። ጎበዟ ፈሪሃም ከቀረች ሰነበተች። እሷ ካልተመለሰች ትምህርቱ ማለቁ ነበር።

እንግዲህ ሞገስ ሸምበቆ ሊቆርጥ ሮቢ ወንዝ ሲወርድ የፈሪሃን አባት ጋሼ ሙሄን ወንጭፍ አንገታቸው ላይ አድርገው አገኛቸው። ሽማግሌው በወፍ ላይ ሲጮሁ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። ሰላምታውም የጤናው ጥያቄም በሹክሹክታ አለቀ። ሞገስ ስለ ፈሪሃ ጠየቀ።

«ማማ ላይ ናት» አሉ ጋሼ ሙሄ። «እኔ ብጮህ ወፉ ሳቀብኝ። ፊደሉን አልጠላሁም፣ ነጋዴ አያታልላትም። መንፋቱ ግን ለሴት ልጅ ምኗ ነው? እምቢልታ ባላባት ፊት ነበር የሚነፋው። ባላባቱ ዛሬ ዱር ገብቷል።»

«ጋሼ ሙሄ፣ አንቱ መንዙማ ሲያወጡ ተቀባዩ ቢጠፋ ምን ያደርጋሉ?»

«ያለ ተቀባይ ምን መንዙማ አለ?»

«የእኔም ችግር ይኸው ነው። ፈሪሃ ስትቀር የቀረችው አንዲት ልጅ አይደለችም፤ ዜማው ነው።» ከዚያም ሞገስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ከተራራው እስከዚህ የሚሰማው የእነሱ ድማሚትና የእነሱ ጥሩምባ ነው። ትናንት የጎረቤትዎ የጀይላን ልጅ የጣሊያኖቹን ካምፕ ጥሩምባ እያፏጨ ሲያልፍ ሰማሁት። የራሳችንን ካላስያዝናቸው ሌላ ምን ያፏጩ?»

ሽማግሌውን ይህ ነገር አንገበገባቸው። የኩራት ነገር የገባቸው ሰው ነበሩ፤ ዳሩ ግን ገበሬም ነበሩ።

«ልክ ነህ፣ ልጄ። ግን ክረምት ሲመጣ ለልጆቼ ኩራት ፈጭቼ ላብላቸው?»

ሞገስ ጥፋቱ የራሱ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው፤ ማሽላ በሚያሸትበት ወር ልጅ ከማማ ውረድ ማለት የአባቱን ጎተራ ለወፍ ክፈት ማለት ነው። ወዲያው የወፉ መንጋ ከጋሼ ሙሄ ማሳ ተነሥቶ ጀይላን ማሳ ሲሰፍር አየ። ጀይላን ጮኸ፤ መንጋው ተመለሰ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ። እሱ ወደ እኔ ይሰዳል፣ እኔ ወደ እሱ። ለዚህ አይደል የተኳረፍነው።»

«እንግዲያው ልጆቹ ከማማ አይውረዱ፤ ትምህርቱ ማማ ላይ ይውጣ» አለ ሞገስ። «እያንዳንዱ በአባቱ ማማ ላይ ሆኖ የራሱን ድምፅ ይንፋ። ዜማው ከማሳ ማሳ ሲዞር ወፉ የት ያርፋል?»

ጋሼ ሙሄ ነገሩን አገላብጠው አዩት። እስከ ጁምዓ ይሞከር አሉ። ደግሞም ተቀባይ ሳይኖር አይሆንምና ኩርፊያቸውን ውጠው መጀመሪያ የሄዱት ጀይላን ቤት ነው። ሌሎቹንም አባቶች በዚያችው በተዘጋ ድምፅ ለመኗቸው።

በማግሥቱ ዜማው ከማማ ማማ ዞረ። ወፉ ግራ ገብቶት አዋሽን ተሻገረ፤ አፋሮች እስካሁን ያንን ቀን ይረግማሉ ይላሉ። በጁምዓ ዋዜማ ግን የጀይላን ልጅ ወባ ያዘውና ዜማው መሐል ላይ ተሸነቆረ። ጋሼ ሙሄ ቀዳዳውን ሰምተው መታገሥ አልቻሉም። ወንጭፋቸውን ጥለው ጀይላን ማማ ላይ ወጡና የልጁን ሸምበቆ አንሥተው ነፉ።

እንዲህ ሆነው ሳሉ ነው የካምፑ ሹም ከአስተርጓሚ ጋር የደረሰው። የእምቢልታ ጓድ ሰምቶ ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው ሊል መጥቶ፣ በየማማው አንድ አንድ ልጅ፣ እዚህ ደግሞ ጉንጩ የተነፋ ሽማግሌ አገኘ። ምን ታደርጋለህ አላቸው።

«ወፍ እጠብቃለሁ» አሉ ጋሼ ሙሄ።

ሹሙ እንዲነፉ አዘዘ። ነፉ። ሸምበቆው እንደ ጠፋች ጊደር አንዴ ጮኸ፤ ተቀባይ የሌለው እምቢልታ ነውና። በዚህ ማን ይታሰራል? ሳቀና ሄደ። ኮረብታውን ሲያልፍ ፈሪሃ ከአባቷ ማማ ላይ ጀመረች፤ ቀጣዩ ተቀበላት፣ ጋሼ ሙሄም በተራቸው ነፉ። ሜዳው በሙሉ የራሱን ዜማ ይዞ ተነሣ።

በዚያ ዓመት ማሽላው ገባ፤ ጎረቤት ታረቀ፤ የጀይላን ልጅም ከወባው ሲነሣ የካምፑን ጥሩምባ ማፏጨቱን ተወ። ከአጨዳ በኋላ ወፍም ማማም ሳይኖር ልጆቹ ከነታናናሾቻቸው ሾላው ሥር ተመለሱ። አንድ አባት ልጄ ፍየል ይጠብቅልኝ ብሎ ሊያስቀር ሲመጣ፣ ሞገስ አፉን ሳይከፍት ጋሼ ሙሄ ተነሡ።

«ውሰደው። ግን መጀመሪያ ያለ እሱ ሲነፉ ቁጭ ብለህ ስማ።»

ሰውየው ተቀምጦ ሰማ። ፍየሎቹን ራሱ ይጠብቅ ጀመር።