ከየቤቱ ሁለት እንጨት

ሰርኬ ቁልቁለቱን ሳትጨርስ የውሃውን ድምፅ ሰማች፤ ሰምታም እንዳልሰማች ሆና ወረደች። ከመካነ ኢየሱስ ጎሕ ሲቀድ ተነስታ እስከዚህ በእግሯ ነው የመጣችው። በጀርባዋ አንድ ቅል ቅቤ፣ በእጇ ዘንቢል ይዛለች። ዘንቢሉ ውስጥ የገብስ ዱቄትና አዲስ የክርስትና ነጠላ አለ። ከወንዙ ማዶ ስማዳ የተዳረችው ልጇ ገነት ወንድ ልጅ ወልዳለች። ነገ አርባ ቀኑ ነው፤ ነገ ጠዋት ክርስትና ይነሳል። ሰርኬ አያት ከሆነች ሠላሳ ዘጠኝ ቀን አልፏታል፤ የልጅ ልጇን ግን በዓይኗ አላየችውም።

ክረምቱ ዘንድሮ ቀድሞ በግንቦት ገብቷል፤ ወንዙ ጉና ላይ የዘነበውን ሁሉ ተሸክሞ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ውሃ ሲሞላ ሰው የሚያሻግረው ዋናተኛው ጓዴ ከነልብሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ምነው ልብስህን አላወለቅህ?» አለችው።

«ዛሬስ አላወልቅም። ግንድ ይዞ ነው የሚወርድ። አንዱ ጎኔን ቢለኝ ሁለታችንንም ዓባይ ነው የሚቀብረን።»

«ቅቤውን ከነቅሉ ውሰደው።»

«ቅቤ የሚበላ መጀመሪያ መትረፍ አለበት፣ ሰርኬ። ዝናብ ካልጨመረ ወደ ማታ ይጎድል ይሆናል። ተቀመጪ።»

አጠገቡ አንድ ወጣት ነበር። ተነስቶ ድንጋዩን ለቀቀላት። ቀለመወርቅ ይባላል፤ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ያስተምራል። ከተማ የተለያዩ ፓርቲዎች ሲከራከሩ ሰምቶ እየተመለሰ ነው፤ ለምርጫው ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ሰርኬ ተቀመጠችና ከመቀነቷ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ፊቷን ማራገብ ጀመረች። ወረቀቱ ላይ የወንፊት ሥዕል አለ፤ የአንዱ ተወዳዳሪ ፓርቲ ምልክት ነው።

«ይህን ወረቀት አንብበውታል፣ እትዬ?» አላት።

«ሁለተኛ ክፍል ነው ያቆምሁ፤ ቢሆንም ፊደል አይጠፋኝም። ትልልቁን አንብቤዋለሁ። ‹ከአነስተኛ ነጋዴና ከገበሬ ግብር ይቀራል› ይላል። ከሥሩ ‹በየቀበሌው መንገድ፣ በየወንዙ ድልድይ› ይላል። ከዚህ በላይ ምን ላንብብ?»

«ታዲያ ሊመርጧቸው ነው?»

«እኔ ብቻ መሰልሁህ? የማርያም ማኅበርተኞቼን አሥራ ስምንቱንም ይዤ ነው የምሄድ። ቃል አስገብቻቸዋለሁ።»

«ቅር ካላልዎት አንድ ነገር ልጠይቅ። ድልድዩን በምን ይሠሩታል?»

«በብረትና በሲሚንቶ ነዋ። አንተ መምህር አይደለህም እንዴ?»

ጓዴ ሳቀ። ቀለመወርቅም አብሮ ሳቀና፣ «ብረቱንስ በምን ይገዙታል?» አላት።

«በመንግሥት ብር።»

«መንግሥት በሬ አይጠምድ፣ ማሳ የለው። ብሩ ከየት ይመጣለታል?»

«ፈረንጅ ይሰጠዋል።»

«ፈረንጅ ሲሻው ይሰጣል፣ ሲሻው ይተዋል። በሰው ፈቃድ ድልድይ አይጠበቅም።»

«እንግዲያው ያትሙት። ማተሚያው እጃቸው ላይ አይደል?»

«ይታተም እንበል። እርስዎ ገበያ ላይ አንድ ቁና ገብስ ይዘው ቢቀመጡና ገዢው ሁሉ ኪሱን ሞልቶ ቢመጣ ምን ያደርጋሉ?»

«ዋጋ እሰቅላለኋ። ሞኝ ነኝ?»

«ጨው የሚያመጣልዎት ነጋዴም ሞኝ አይደለም። ማሩኝ ያሉት ግብር በጨው ዋጋ ዞሮ ቤትዎ ይገባል።»

ሰርኬ ይህ ነገር ገብቷታል፤ ገበያ ያሳደጋት ሴት ናት። የገባትን ሁሉ ወዲያው አምኖ መቀበል ግን ልማዷ አይደለም። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ዳበሰችው።

«ስማ መምህር» አለች። «ሱቄ የሁለት ሰው መቀመጫ አይሆንም። ጨው፣ በርበሬ፣ ክብሪት፣ ሳሙና ነው ያለኝ። አንድ ጊዜ ለግብር ሽያጬን የሚገምቱ ሁለት ሰዎች መጡ። ዕለቱ የጥምቀት ዋዜማ ነበር፤ ሰዉ እንደ ንብ ሰፍሮብኛል። ‹የቀን ሽያጭሽ ይኸ ነው› ብለው ጽፈውብኝ ሄዱ። ዓመቱን ሁሉ ጥምቀት አደረጉት። ባዶ ሱቅ ታቅፌ የምውልበትን ጾም ማን ጻፈልኝ? ይሁን ብዬ ከፈልሁ። የከፈልሁት ምን ሆነ? የአንዱ ቢሮ አጥር ተቀባ። አምና አረንጓዴ፣ ዘንድሮ ሰማያዊ። ለስብሰባ አበል አለ፤ ለድልድይ ሲሆን ‹በጀት የለም›። ለዚህ ከምገብር ለወንዙ ብወረውርለት ይሻለኛል። ወንዙስ ቢያንስ ስብሰባ አይጠራኝም።»

የተረታ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ቀለመወርቅ ግን «እውነትዎን ነው» አለ፤ ሰርኬም ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን ወደደችው።

በዚህ መሃል ማዶ አንድ ሰው በቅሎ እየሳበ ብቅ አለ። የገነት ባል ደሞዝ ነው፤ አማቱን ሊቀበል የመጣ። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። ወንዙ እዚያ ላይ በሁለት አለቶች መካከል ጠቦ ስለሚያልፍ ከአሥራ አምስት እርምጃ አይበልጥም፤ ጩኸቱ ግን የሰው ድምፅ አያሳልፍም። ሰርኬ የክርስትናውን ነጠላ ከዘንቢሉ አውጥታ ከፍ አድርጋ አሳየችው። ደሞዝ ውሃውን አየና መዳፎቹን ዘረጋ፤ ምን ይደረጋል ማለቱ ነው።

«እዚህ አለት ላይ የእንጨት ማሳረፊያ ይመስላል» አለ ቀለመወርቅ። «ድሮ ድልድይ ነበረ እንዴ?»

«ነበረ» አለች ሰርኬ፤ ዓይኗን ከደሞዝ ሳትነቅል። «መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ የዚህም የዚያም ማዶ ሰው ከየቤቱ ሁለት ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ይዞ ይወጣል። ድሃም ሀብታምም ሁለት ነው። ጎልማሶች ያጋድሙታል፣ ሴቶች ጠላ ያቀርባሉ፣ ካህናት ይባርኩታል። ሐምሌ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ከነበቅሎው ያሻግራል። ለሐምሌ የምንከፍለው ዕዳ ነው፤ ለዓመቱ ደግሞ ከየቤቱ ሁለት እንጨት።»

«ታዲያ ምነው ቀረ?»

ጓዴ ሰርኬን ሰረቅ አድርጎ አየና ወደ ውሃው ዞረ።

«አንዲት ሴት አስቀረችው» አለች ሰርኬ። «የዛሬ ሁለት ዓመት ከወረዳ ነው የተባሉ ሰዎች መጥተው ወንዙን ለኩ። ያን ድንጋይ አየኸው? ቀይ ቀለም ቀብተውት ሄዱ። ‹የብረት ድልድይ ሊሠራ ነው› ተባለ። ያ ዓመት ደግሞ ገብሱን በረዶ መትቶት ሰው ተጎድቷል። እንጨት አምጡ ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ ያቺ ሴት ተነሳች። ‹ድሃ ምን ቆርጦ ያመጣል? ዘንድሮ ይማረን፤ የብረቱ መጥቷል› አለች። ሰዉ አጨበጨበላት። እሷ ግን ያን ሰሞን እንጨቷን ለደብረ ታቦር ነጋዴ ሸጣ ነበር፤ ዋጋው ጥሩ ነበራ። ብረቱም አልመጣ፣ እንጨቱም ቀረ። በዓመቱም ‹እንደ ዓምናው ይማረን› አሉ። አንዴ የተማረ ሰው መክፈል አይወድም።»

«ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ» አለ ቀለመወርቅ። «የማትጠየቅበትን ቸርነት አደረገችና ሰዉን ሁሉ ወንዝ ዳር አስቀረችው። ምን ዓይነት ሴት ናት?»

ሰርኬ ነጠላውን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። «ይቺ ናት» አለች። «አጠገብህ የተቀመጠችው።»

ቀለመወርቅ ደነገጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ባውቅ ኖሮ...»

«ባታውቅ ነው የተናገርኸው፤ ስለዚህ እውነት ነው። ብታውቅ ታሳምረው ነበር።» ወረቀቱን አነሳች። «ይኸ ወንፊቱም የኔን ንግግር ነው የሚናገር። ቃሉ ሳይቀር። ‹ይማርላችሁ፣ ብረቱ ይመጣል።› እኔም ያን ቀን ሳስጨበጭብ እንዲህ ነበርሁ። ገነት ያን ጊዜ እዚሁ ከኔ ጋራ ነበረች። ማዶ ስትዳር ‹ቅርብ ናት፣ አሥራ አምስት እርምጃ› ብዬ ነው የሰጠኋት።»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ መልኩን ለወጠ። ሰርኬ ግን እጅ ከመስጠቷ በፊት የቀራትን ነገር ጠየቀች።

«እሺ፣ ግብር ያስፈልጋል በለኝ። ነገር ግን ሁለት እንጨት ያመጣ ሰው እንጨቱን ድልድዩ ላይ ያየዋል። ‹ይቺ የኔ ናት› ብሎ ይረግጣታል። የኔን ግብር የት ሄጄ ልርገጠው?»

«እዚህ ላይ እርስዎ ረትተውኛል» አለ ቀለመወርቅ። «እኔ ደመወዜ ሲቆረጥ አንድ ቀን የት ዋለ ብዬ አልጠየቅሁም። የወረዳው በጀት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በፊቱ አልፋለሁ፤ ቆሜ አላነበብሁትም። ለመንገድ ስንት፣ ለነዳጅ ስንት፣ ለአበል ስንት እንደተመደበ መጠየቅ መብታችን ነው። ግብር ይቅር የሚለውን ሳይሆን ‹ይህን ያህል እሰበስባለሁ፣ ይህን እሠራበታለሁ፣ ይህን አልችልም› የሚለውን ነው መፈለግ ያለብን። ግምቱም ቢሆን በጥምቀት ዋዜማ ብቻ አይደለም፤ በጾምም መጥተው ይዩ ማለት ይቻላል።»

«አልችልም የሚል ፓርቲ አለ?»

«እስካሁን አልሰማሁም።»

«እንግዲያው እኛ ‹አልችልም› እናስብላቸዋለን» አለች ሰርኬ።

ውሃው አልጎደለም። ጀንበር ወደ ማዶው ተራራ ስታዘነብል ደሞዝ በቅሎዋን ፈታ፤ ሳይመሽበት ሊሄድ ነው። ሰርኬ ተነሳች። ጓዴ ምን እንዳሰበች ገብቶት ነጠላውን ከእጇ ተቀበለ፣ በአንድ ድቡልቡል ድንጋይ ላይ ጠቅልሎ በገመድ አሰረው፤ አለቱ ጫፍ ላይ ቆሞ አሽከርክሮ ወረወረው። ማዶ ሣሩ ላይ አረፈ። ደሞዝ አነሳው፣ ሳመው፣ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ነጠላው ተሻገረ፤ አያቲቱ ቀረች። ቁልቁለት የወረደችውን መንገድ ሽቅብ ስትወጣ አንዴም ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ብትዞር እንደምትቀመጥ ታውቃለች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ተወዳዳሪዎች ገበያው አጠገብ ባለው አዳራሽ ሕዝብ ሰበሰቡ። የወንፊቱ ሰው ስለ ግብሩ ሲናገር ጭብጨባው ገና ሳያልቅ ሰርኬ ተነሳች።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ግብሬን ግን አትማረኝ» አለች። «ግምቱን አስተካክሉልኝ እንጂ አትማሩኝ። እኔ አንዴ ሕዝብ ምሬ የልጅ ልጄ ክርስትና አምልጦኛል። ይልቅ ንገረኝ፦ ከኛ ምን ያህል ትወስዳለህ? ድልድዩን በየትኛው ዓመት ትጀምረዋለህ? ለድልድዩ ስትል ከምን ላይ ትቀንሳለህ? ከአበሉ ነው ከአጥር ቀለሙ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሰውየው «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንመለስበታለን» አለ።

«እኔ አልቸኩልም፤ ተቀምጬ እጠብቃለሁ» አለችና ተቀመጠች። ያን ቀን ከእሷ ቀጥሎ የተነሱት ሁሉ ‹ግብር ይማረን› አላሉም፤ ሌሎቹንም ተወዳዳሪዎች በዚያው በሰርኬ ጥያቄ እያፈራረቁ አፋጠጧቸው። ከአራቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ ብቻ ላቡን እየጠረገ፣ «ሁሉንም ወንዝ አልችልም፤ በአምስት ዓመት ሁለት ድልድይ እችላለሁ፤ ግብሩም አይቀርም» አለ። ለእሱ ማንም አላጨበጨበለትም፤ ሰርኬ ግን ስሙን፣ ወንዙ አግዶት እዚያው የሰነበተውን ቀለመወርቅን አስጻፈችው። ማኅበርተኞቿንም ከቃላቸው ፈታቻቸው። «እኔን ተከተሉ ብያችሁ ነበር፤ አሁን ጠይቃችሁ ምረጡ» አለቻቸው። ማንን እንደመረጠች የኮሮጆው ምሥጢር ነው።

መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ከሁሉ ቀድማ ሁለት እንጨት ይዛ ወንዝ የወረደች ሰርኬ ናት፤ የራሷን ሸጣለችና በገንዘቧ ገዝታ። ስለ እንጨቱ በተጠራው ስብሰባ ላይ ስለዚያች ሴት ስትናገር ራሷን ደብቃ አልተናገረችም። የሰጠ ይጠይቃል፣ የጠየቀ ይጠብቃል፣ የተጠበቀ ሥራ ይቆማል፤ ይህን ለሰዉ ለማስረዳት መምህር አላስፈለጋትም። ከየቤቱ እንጨት ወጣ። ድልድዩ ቆመ። በእሱ ላይ ተማሪዎች፣ የታመሙ ሰዎች፣ ገብስ የጫኑ አህዮች፣ ሬሳ የተሸከሙ ወንድሞች አለፉ።

ሰርኬ በመጀመሪያው ቀን ተሻገረች። ገነት በር ላይ ጠበቀቻት። ሕፃኑ ስድስት ወሩ ነው፤ ይቀመጣል፣ ሰው ይለያል። ሰርኬ እጇን ስትዘረጋለት አየና ከንፈሩን አጣመመ፣ ፊቱን እናቱ ደረት ውስጥ ቀበረ።

«አትከፊ እማ» አለች ገነት። «ስላላወቀሽ ነው። ይለምድሻል።»

«ምን እከፋለሁ፣ ከሱ ምን ጥፋት አለ» አለች ሰርኬ። ነጠላዋን አራግፋ ልጁን ሳትነካው አጠገቡ ተቀመጠች። «በየሳምንቱ እመጣለሁ። እስከ ሐምሌ ጊዜ አለን።»