«ወረቀቱ ላይ አለ» እያልኩ የኖርኩበት መስኮት

ክብርት ሥራ አስኪያጃችን፣ የፋርማሲው ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤ ሥራችሁን ትታችሁ እኔን በጡረታ ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ እኔ የተነገረውን ሁሉ ስሰማ የሞትኩ መስሎኝ ነበር።

እዚያ መስኮት ላይ ስንት ዓመት ቆምኩ? ፀጉሬን አይታችሁ ገምቱ። ታካሚው «ይቺ እንቅልፍ ታመጣለች? ከወተት ጋር ትወሰዳለች?» ሲለኝ መልሴን ታውቁታላችሁ። አዎ፣ ሳቁ! «ወረቀቱ ላይ አለ፤ ቀጣይ!» ሻይ ክበብ ውስጥ ሂሳብ ስጠይቅ እንኳ «ወረቀቱ ላይ አለ» እያላችሁ ትቀልዱብኝ ነበር።

ባለፈው ባለቤቴ ወድቃ ሆስፒታል ስትተኛ ሁላችሁም መጥታችሁ ጠየቃችኋት። «ምን ሆና ነው?» ስትሉኝ «ድካም ነው» አልኳችሁ። ዋሸኋችሁ። የደም ግፊት ክኒኗን አቋርጣ ነው። ዛሬ ይህን እንዳወራ ፈቃዷን ስጠይቃት «አንተ እፈር እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ» አለችኝ። ይኸው ከፊት ተቀምጣለች። ግራ እጇ እስካሁን በደንብ አይጨብጥም።

ማን አቁሚ አላት? ስልኳ ላይ ባየችው ቪዲዮ አንዱ «ኩላሊት ይጎዳል» ሲል ሰማች። ጎረቤታችን ደግሞ «እኔ ግፊቴ ሲስተካከል ትቼዋለሁ» አለቻት። ይህን ስሰማ ጮኽኩባት።

«ፋርማሲስት ባል እያለሽ ጎረቤት ትጠይቂያለሽ?»

«አንተንም ጠይቄህ ነበር።»

«መቼ?»

«ዜና እያየህ። ወረቀቱ ላይ አለ አልከኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወረቀቱን ከክኒኑ ካርቶን አውጥቼ ላነብላት ሞከርኩ። መነጽሬን አደረግሁ፣ መብራት ሥር ሄድኩ፤ ፊደሉ ጉንዳን ያህላል፣ ቋንቋውም የእሷ አይደለም። ያን ሁሉ የጨነቀውን ሰው ወደዚህ ወረቀት ነው ስሸኝ የኖርኩት። አፈርኩ። አሁንም እያፈርኩ ነው የማወራችሁ።

ከዚያ ወዲህ ተሻሽያለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ለዚህ ዝግጅት ከረባቴን ሳስር የባለቤቴን ድምፅ ከሳሎን ሰማሁ። ጎረቤታችን ጋ ደውላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቺን አዲሷን ክኒን ከቁርስ በፊት ነው እንዴ የምወስዳት?» ትላለች። እኔ እኮ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። የሰማሁ አልመሰላትም።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ሰልፉ ቢረዝምም የምትታገሡበት ልብ ይስጣችሁ። እጃችሁን ለፈውስ ያድርገው። የቤታችሁ ሰው ሲጨንቀው፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እናንተን ይሁን።

አንቺም፣ እመቤቴ፤ ከቁርስ በኋላ ነው።