ሞቆ የጠበቀን ፒካፕ

መኪና ልገዛ ያለ ሰው ካለ ጠጋ ይበል፤ ይህችን ሰምቶ አይቆጨውም። አጎቴ ልጆቹ ከሳውዲ በላኩለት ገንዘብ ፒካፕ ሊገዛ፣ እኔን አስከትሎ ረፋድ ላይ ሐይቅ ከተማ፣ ሰይድ የሚባል ሻጭ ቤት ሄደ። ሜካኒክነት የተማርኩት በስልኬ ነው። የፒካፑን ኮፈን ስነካው ይፋጃል።

«ምነው ሞቀ?» አልኩት ሰይድን።

«እንግዳን ሞቅ ብሎ መቀበል የወሎ ወግ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

«አጎቴ፣ ሞተር ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውስጡ ያለው ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ ከላላ የሚንኳኳው ሳይሞቅ ሲነሳ ነው» ብዬ ማብራራት ጀመርኩ።

«አቦ ተወን፣ ይሄው ጸጥ ብሎ ይሠራ የለ!» አለኝ አጎቴ።

አጎቴና ሰይድ በዋጋ ሊስማሙ ሲሉ የሰይድ እናት ብቅ አሉ። «ወላሂ ምሳ ሳትበሉ አትሄዱም!»

«ይቸኩላሉ እኮ እማ!» ብሎ ሰይድ ቢለምን ማን ሰምቶት። ዓሣው ቀረበ፣ ጨዋታው ደራ። ከሰዓት በኋላ የአሱር ሶላት ተሰግዶ ስንወጣ ኮፈኑ በርዷል። አጎቴ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ጠጠር እንደገባበት ጣሳ ተንኳኳ። ሰይድ መሬት መሬት ሲያይ፣ እናቱ ግን ከበሩ ላይ ሆነው አጽናኑን።

«አይዟችሁ፣ ጠዋት ጠዋትም እንዲህ ነው! ሰው ሲመጣበት እኮ ሰይዴ ቀድሞ ያሞቀዋል።»

እናንተም ሞቆ የጠበቃችሁ መኪና ካለ አትቸኩሉ፤ ሻጩ ቤት ምሳ ብሉና ሞክሩት።