የሙሽራው አባት ምርቃት

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለቱ ገና መተዋወቃቸው ነበር፤ እርሱ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ወጣት፣ እርሷ ሞጣ የኮምፒዩተር ዕቃ የምትሸጥ ሴት።

«እኅቴ፣ ትልቁን ሃርድ ዲስክ ልግዛ ወይስ ትንሹን ግን ፈጣኑን ኤስኤስዲ? ለሁለቱም አቅም የለኝም።»

«ለምን ሥራ ነው?»

«ቪዲዮ ለማቀናበር። አሮጌው ዲስኬ ከቀርፋፋነቱ የተነሣ ምስሉ እየቆመ አላሠራኝ አለ።»

«እንግዲያው ትንሹን ውሰድ፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግህ ፍጥነት ነው።»

«ማነሱ አስፈራኝ።»

«አውድማና ጎተራ አንድ ነው እንዴ? አዲሱ ላይ ትወቃለህ፤ ያለቀውን አሮጌው ላይ ትከታለህ።»

«ለእሑድ ካልደረሰ ጉድ ፈላ። የሙሽራው አባት ከሠርጉ በኋላ ዐረፉ። ልጃቸው ጉልበታቸውን ስሞ ሲመርቁት የሚታየውን ቤተሰቡ ለአርባቸው ይጠብቃል።»

«ነፍስ ይማር። የካሜራው ካርድ ላይስ አለ?»

«ሌላ ሠርግ ቀረጽሁበት።»

«እንግዲህ ያለው አሮጌው ዲስክ ላይ ብቻ ነዋ።»

«አዎ። ወደ አዲሱ እንድትገለብጭልኝ ይዤው መጥቻለሁ።»

«የታለ?»

«ሻንጣዬ ውስጥ።»

«ሻንጣህስ?»

ወጣቱ በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ።

«ረዳቱ ጣሪያ ላይ ከበጎቹ ጋር አሰረው።»

«አሮጌ ዲስክ? በዚህ መንገድ? መንገጫገጭ እኮ ያበላሸዋል! አስቁመህ አውርደው እንጂ ወንድሜ።»

«ለመንሁት። ሞጣ ሳንደርስ ገመድ አልፈታም አለኝ።»

ከዚያ ወዲያ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ዓይኖቼ ወደ ጣሪያው ይነሡ ነበር።