ጠርጥረው የተመነጠሩት ሶፋ ሠሪ

እኔ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። የምሠራው ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። በማሽኔ ያለፈ ወረቀት ሁሉ ግን በዓይኔም አልፏል። ከረባት አስረው ቁልቁል ከሚያዩን ከአንዳንዶቹ ይልቅ ክሱን ከመልሱ፣ ውሳኔውን ከትእዛዙ ለይቼ አውቃለሁ ብል ኩራት አይሁንብኝ። ቢሆንብኝም ግድ የለኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ማኅደር አቅፋ ገባች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካርዷን፣ የመግቢያ ፈተና ውጤቷን፣ አንድ ቅጽና አራት ቦታ የታጠፈ ያረጀ ወረቀት ዘረጋችልኝና፣ «ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት» አለችኝ። ሥራውን ሳልጨርስ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ዓይናቸውን ማሽኑ ላይ ተከሉ። ጣታቸው የጠመኔ ብናኝ ለብሷል፤ ኮሌታቸው ላይ ቆልማማ መርፌ ተሰክቷል። ሶፋ ሠሪ መሆናቸው ወዲያው ገባኝ።

«የቤቴን ካርታ ነው የምታባዙት?» አሉ።

ልጅቷ ክው አለች። «ጋሼ! ተከትለውኝ መጡ?»

«ሳጥኔ ሲከፈት የማልሰማ መሰለሽ? የእህቴ ልጅ ነሽ፤ ጡት ከጣልሽ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግሁሽ። ሰው ግን ሰው ነው።»

«እዚህ ካርታ የሚባል ነገር የለም፤ ገብተው ይዩ» ብዬ የማሽኑን ክዳን አነሳሁላቸው። ያረጀውን ወረቀት አዩት።

«ይኼስ? ይኼ የኔ አይደለም?»

የርሳቸው ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሱቃቸውን ያጡበት የፍርድ ቤት ውሳኔ። እውነቱን ልናገርና እኔም ልጅቷን ጠረጠርኳት። እንዲህ አንገቷን የደፋች ናት ቤት የምትሸጠው አልኩ በሆዴ።

ልጅቷ ግን አልካደችም። «የእርስዎ ነው። ሳልጠይቅ ነው ያወጣሁት። የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን አልፌያለሁ። ሕግ ለምን መማር እንደፈለግሁ ጽፌ ማስገባት አለብኝ፤ የጻፍኩትም ስለዚህ ወረቀት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ስላልሞላኝ ቅጹ ላይ የአሳዳጊ ፊርማ ይፈልጋሉ። ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

የግድግዳው ሰዓት አሥር ከሩብ ይላል።

«ፊርማ?» ብለው ሳቁ፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ። «ሰፈሩ ‹ጋሽ አልፈርምም› እያለ የሚጠራኝ ለቁልምጫ መሰለሽ? ደግሞስ ለምኑ? ጠበቃ ማለት ምላሱን የሚያከራይ ሰው ነው። ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለከሳሼ!»

«ሐኪምም እኮ ዛሬ እርስዎን፣ ነገ ጠላትዎን ያክማል።»

«ሐኪም ቁስል አይፈጥርም!»

«ጠበቃስ ጸብ ይፈጥራል? ጸቡን ይዞ የሚመጣው ባለጉዳዩ ነው።»

«አንዳንዱ ይፈጥራል» አልኩ። ምላሴ አያርፍም።

«አየሽ?» አሉ ሽማግሌው በደስታ። «ኮፒ አንሺዋ እንኳ ታውቃለች!»

ልጅቷ ገላመጠችኝ። «ስለዚህ ወንበሩን ለነሱ ለቀንላቸው እንሂድ? እህቴ፣ አንቺስ እዚህ ቆመሽ ክፉውን ከደጉ የለየሽው አንብበሽ አይደለም?»

ተሸነፍኩና ወደ ማሽኔ ዞርኩ። ይህ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም።

«ነገሩን አታጣምሚው» አሉ አጎቷ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።»

«እርስዎ ግን ጋሼ፣ ጠርጥረው ነው የተመነጠሩት።»

ሽማግሌውን እንዲህ የተናገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ምን አልሽ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ወረቀት አንብበውት ያውቃሉ?»

«ምኑን አነበዋለሁ! ከሳሼ ዳኛውን እንደገዛው አውቃለሁ።»

ወረቀቱን አንስታ ቀስ ብላ አነበበች። «‹ተከሳሽ መጥሪያ አልቀበልም በማለቱ መጥሪያው በሥራ ቦታው በር ላይ ተለጥፏል። በቀጠሮው ቀን ስላልቀረበም ጉዳዩ በሌለበት ታይቷል። የከሳሽን ማስረጃ የሚያስተባብል ነገር አልቀረበም።› ጋሼ፣ የሱቁ የግዢ ውል እዚያው ሳጥንዎ ውስጥ አለ። ሦስት ምስክር ፈርሞበታል። ዳኛው አላየውም፤ የሚያሳየው ሰው አልነበረማ።»

«መጥሪያው ላይ ካልፈረምኩ አይይዘኝም ብዬ ነዋ! አባቴም እንደዚያ ነው ያሳደገኝ።»

«አውቃለሁ። ዝናብ ግን በር ዘግተን ስለተኛን መዝነቡን አይተውም።»

ሽማግሌው በርጩማዬን ስበው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሁንስ… ይግባኝ የሚሉት ነገር?» አሉ።

«ጊዜው ካለፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ሱቁ ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም።»

ይህን ስትል ሳያት፣ ጥርጣሬዬ አንድ ጥግ ላይ ተሸራረፈ። ፊርማ የሚለምን ሰው እንዲህ ያለ መልስ አይሰጥም። የሽማግሌው ግን ገና እንደቆመ ነበር።

«እና ይህን ለማያውቁኝ ሰዎች ልታሳዪ? ‹ሞኝ አጎት አለኝ› ብለሽ?»

«ስምዎን አልጻፍኩም። ቢሆንም ጥፋተኛ ነኝ። የሰው ገመና ያለ ፈቃዱ የምታወጣ ጠበቃ ከወዲሁ ትቅር። ይኸው ወረቀትዎ፤ ይኸው ኮፒዎቹ፤ የጻፍኩትም ይኸው። በቀረው ጊዜ ሌላ እጽፋለሁ።» ሁሉንም ጉልበታቸው ላይ አኖረች።

የጻፈችውን ከዓይናቸው አርቀው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ከዚያ ወደ ቅጹ በአገጫቸው አመለከቱ። «ከላይ እስከ ታች አንብቢልኝ። አንድ መስመር ብትዘዪ አውቅሻለሁ።»

አነበበች። በመጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፤ ሳባዛ አይቻታለሁ። «ዝለያት!» አልኩ በልቤ። ሽማግሌው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንደተሳናቸው ከዓይናቸው ያስታውቃል፤ የምታስገባላቸውም ይህችው ልጅ መሆኗ አያጠራጥርም። ልጅቷ ግን ድምፅዋን ሳትቀንስ አነበበቻት፦ «‹ተማሪዋ ለአምስት ዓመት የሙሉ ጊዜ ተማሪ ትሆናለች። አሳዳጊዋም በትምህርት ሰዓት ሥራ ላይ ላያሰማራት ተስማምቷል።›» ደግማም አነበበቻት።

«ይህን ባታነቢልኝ በምን አውቅ ነበር?»

«አያውቁም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አነበብሽው?»

«የሚፈርሙት እርስዎ ነዎታ።»

ሽማግሌው ጣታቸውን አሻሹ። «እኔ» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ፣ «አሮጌ ሶፋ ሲያመጡልኝ ልብሱን አላምንም። ጎኑን ቀድጄ፣ ውስጡ ገለባ ይሁን ስፖንጅ አይቼ ነው ዋጋ የምናገር። አንድም ሶፋ ሳልቀድ አምኜ አላውቅም። ወረቀት ግን ይኸው እስካሁን ቀድጄ አላየሁም፤ እሸሸዋለሁ እንጂ።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «ይኼ ከፊርማው በላይ ያለው ባዶ ቦታስ? እኔ ከፈረምኩ በኋላ ሌላ ነገር ቢጽፉበት?» አሉ።

የልጅቷ ፊት በራ። «መጠርጠር ማለት ይኼ ነው! ይዝጉት፤ መስመር ያስምሩበት።»

ማስመሪያ አቀበልኳቸው። ጨርቅ እንደሚቆርጥ ሰው ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩበት። ከመስመሩ በታችም ፈረሙ። የጻፈችውንም መልሰው ማኅደሯ ውስጥ ከተቱት። «ይሂድ። ስሜንም ጻፊበት፤ የኔን ያየ ሌላው መጥሪያውን ይቀበል።»

አሥራ አንድ ሊሆን አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ልጅቷ እየሮጠች ወጣች፤ ደረሰችም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ጥርጣሬን ጣሉ አልላችሁም፤ እኔም አልጣልኩም። የምላችሁ አንብባችሁ ጠርጥሩ ነው። ሳያነብ የሚሸሽ ሰው፣ ሳያነብ ከሚፈርመው ሰው በምንም አይሻልም፤ ሁለቱንም ያው ወረቀት ይበላቸዋል። ከቤታችሁ አንድ ሰው ሕግ ቢማር፣ መጥሪያ ሲመጣ የሚደነግጥ ሳይሆን ቀኑን የሚያይ ይኖራችኋል፤ ውላችሁ ሳጥን ውስጥ አይሻግትም፤ ቀጠሮ አያልፋችሁም። ሌባ ጠበቃ ካስፈራችሁም፣ መድኃኒቱ የራሳችሁን ልጅ ማስተማር ነው። ልጃችሁ ሴት ብትሆንም፤ በተለይ ሴት ብትሆን።

ሽማግሌው ግን አልሄዱም ነበር። ልጅቷ ከመውጣቷ በፊት፣ «ከቅጹ ለእኔም አንድ ኮፒ፤ ከነመስመሩ» ብለውኝ አንስቼላቸው ነበር። በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው፣ ፊደል በፊደል በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ጀመር።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ከፈረሙ በኋላ ማንበብ ምን ያደርጋል?»

«ተይኝ እስቲ» አሉ ቀና ሳይሉ። «በትምህርት ሰዓት ላያሰማራት ይላል። ስለ ቅዳሜ ግን የትም ቦታ አልተጻፈም።»