ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ ምንተስኖት አበባው
ዕድሜ፦ 29
ሥራ፦ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ምዕራፍ የእርቅና የልማት ማኅበር
አድራሻ፦ ላይ ጋይንት ወረዳ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ የካቲት 21 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡30 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሥዩም
ጉዳዩ፦ በዲያቆን አዱኛ ላይ የደረሰ የአካል ጉዳት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ወደ ጣቢያው የመጣሁት መጥሪያ ደርሶኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። የምሰጠው ቃል በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችልና ለመናገር እንደማልገደድ ተነግሮኝ ገብቶኛል። ኮምፒውተር ስለምችል ቃሌን በጣቢያው ኮምፒውተር ራሴ እንድጽፍ ተጠይቄ ነበር። በእጅ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ማኅበራችን ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን በአገር ሽማግሌና በካህናት ያስታርቃል። የንፋስ መውጫው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ወ/ሮ ትርሲት ናቸው፤ ጸሐፊዋ አሁን በዚህ ጣቢያ በእስር ላይ የምትገኘው ሰብለ ማሩ ናት። በጥቅምት ወር የአዱኛ ታላቅ ወንድም ስማዳ ውስጥ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ሰው ገድሎ ጠፋ። ገዳይ ሲጠፋ ደም መላሽ ወንድሙን እንደሚፈልግ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። አዱኛ በሰው ላይ እጁን አንስቶ የማያውቅ ዲያቆን ነው። ሽማግሌዎቹ የሟችን ቤተሰብ ለምነው እርቁን ለቅበላ እሑድ፣ የካቲት 20 ቀን ቀጠሩ። እስከዚያው አዱኛ በጋይንቷ ቤተ ልሔም በየኔታ ምስጋናው ጉባኤ ቤት ድጓ እየተማረ እንዲሸሸግ፣ የዓለም ስሙ ቀርቶ ወልደ ትንሣኤ በሚለው የክርስትና ስሙ ብቻ እንዲጠራ ተደረገ። ይህን ከወ/ሮ ትርሲት፣ ከሰብለ፣ ከየኔታና ከሁለት ሽማግሌዎች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ እመለሳለሁ። ሰብለ ደብዳቤውን ወርድ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች፤ ከዚያ ጽሑፉን ገልብጣ ኢሜይል ውስጥ ትለጥፍና የየቅርንጫፉን አድራሻ አንድ በአንድ ትለቅማለች። ይህን ድካም ላስቀር ብዬ በጥር ወር አንድ ማክሮ ሠራሁላት። ማክሮ ማለት ኮምፒውተሩ በአንድ ቁልፍ ተራ በተራ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። የእኔው ማክሮ ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ ያነባል፤ ወደ ታች ወርዶ «ግልባጭ» የሚለውን ቃል ሲያገኝ ከሥሩ የተዘረዘሩትን ቅርንጫፎች ይይዛል፤ ጽሑፉን ኢሜይል ውስጥ አስገብቶ አድራሻውን ሞልቶ ያቀርባል። ለሰው የሚቀረው «ላክ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው።

በአገራችን ግልባጭ የሌለው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይቼ አላውቅም። አንድ መጥረጊያ እንዲገዛ ሲጠየቅ እንኳ ለአራት ክፍል ግልባጭ ይደረጋል። ስለዚህ ቃሉ ባይኖርስ ብዬ አላሰብኩም። ማክሮውን የጻፍኩት በሁለት ቀን ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነ።

ማክሰኞ የካቲት 8 ቀን ሁለት ጉድለት አየሁ። ለሙከራ ግልባጭ የሌላት አጭር ጽሑፍ ጽፌ በማክሮው ለራሴ ላክሁ። ከሰዓት በኋላ ስማዳ፣ ወገዳ ካለው ቅርንጫፋችን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አበጀ ደወለልኝ። «ምነው ምንተስኖት፣ አንድ ሙሉ መስመር የጥያቄ ምልክት ልከህልናል። መልሱን በስንት ቁጥር መዝግበን እንላክልህ?» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የመጀመሪያው ጉድለት ይኸው ነው፤ የአማርኛው ፊደል ኢሜይል ውስጥ ሲገባ እየጠፋ ሁሉም የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ሁለተኛው ግን ለራሴ ብቻ የላክሁት ጽሑፍ ወገዳ ድረስ መሄዱ ነው። ማክሮው «ግልባጭ» የሚለውን ቃል ሲያጣ ከዚያ በፊት ለሄደው ደብዳቤ የያዘውን የአድራሻ ዝርዝር አይለቅም። በዚያኑ ቀን ገብቶኛል። አንድ መስመር ትእዛዝ ቢጨመርበት ይድናል።

አልጨመርኩም። በጥያቄ ምልክቱ ሦስቱም ቅርንጫፎች ይጮኹብኝ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ እርሱን ስፈልግ ከረምኩ። ሰው የሚጮህበትን ጉድለት ተያያዝኩት፤ እኔ ብቻ የማውቀውን አሳደርኩት። ለሰብለም አልነገርኳትም። የሠራሁት ነገር እንከን አለው ብዬ እርሷ ፊት መናገር አፈርኩ።

ማክሰኞ የካቲት 15 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሰብለ ለአርብ ገበያ፣ ለወገዳና ለእስቴ ቅርንጫፎች ግልባጭ ያለው የስብሰባ ጥሪ በማክሮው ላከች። ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ የጥያቄ ምልክቱን መድኃኒት አግኝቼ ማሽኗ ላይ ልጭነው ወደ ክፍሏ ገባሁ። ሌላ ደብዳቤ ጽፋ ጨርሳ ነበር። ባሕር ዳር ላለው ዋና ጽሕፈት ቤት ብቻ የተጻፈ ነው፤ ግልባጭ አልነበረውም። ምን እንደሚል አላነበብኩም።

ሰብለ «ይህንን ተወው፤ ወ/ሮ ትርሲት በፖስታ ታሽጎ በሚኒባስ፣ በሰው እጅ ይሂድ ብለዋል» አለችኝ። እኔ «በዚህ ዘመን ደብዳቤ በሚኒባስ? ይኼው አማርኛውን አስተካክዬልሽ መጣሁ፤ በእርሱ እንሞክረው» አልኳት። «ግልባጭ እኮ የለውም፤ ማክሮህ ደግሞ ግልባጭ ነው የሚፈልገው፤ ሌላ ቦታ እንዳይሄድብኝ» አለች። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችው። እኔ ደግሞ «የኮምፒውተሩን ነገር ለእኔ ተይው» ብዬ ወንበሯን ጠየቅኳት። ተነስታ ሰጠችኝ።

ማክሮውን ሳዘው የኢሜይሉ ገጽ ተከፈተ፤ አማርኛው እንደ ተጻፈው ሆኖ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሳምንት ሙሉ የደከምኩበት ስለሆነ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ሰብለ ከኋላዬ ሆና «ቆይ ልየው» አለች። ሳትጨርስ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩት። አድራሻው የሚጻፍበትን መስመር ዓይኔ አይቶታል። ከአንድ በላይ ስም ነበረበት። ሳጅን ሥዩም «አይተህ ነው ወይስ ሳታይ የላክኸው?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። አይቼ ነው። ያየሁትን ለማሰብ ግን አልቆምኩም።

በዚያ ሰዓት የኢንተርኔት መስመሩ ተቋርጦ ስለነበር ደብዳቤው ሳይወጣ ኮምፒውተሩ ውስጥ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ቆይቷል። ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ከፍቼ ባየው አጠፋው ነበር። እኔ ግን አማርኛው ተስተካከለ ብዬ ለየቅርንጫፉ ስልክ እየደወልኩ ስኮራ ዋልኩ። ለአበጀም ደውያለሁ። «ከእንግዲህ የምንልከውን ሁሉ ጥርት አድርገህ ታነበዋለህ» ያልኩት እኔ ነኝ።

አበጀ የሟች አጎት ልጅ መሆኑን አላውቅም ነበር። በየቅርንጫፉ የገባ ኢሜይል ሁሉ ታትሞ መዝገብ ቤት እንደሚገባ ግን አውቃለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በዓይኔ ሳላይ የሰማሁት ነው። ሐሙስ የካቲት 17 ቀን እኩለ ቀን ላይ ሁለት ሰዎች ለተማሪ ስንቅ ያመጡ መስለው ቤተ ልሔም ገቡ። «ወልደ ትንሣኤ የሚባለው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። አዱኛ ድጓውን በእጁ እየጻፈ ነበር፤ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብሎ ተነሳ። አንደኛው በመጥረቢያ ሲሰነዝር በቀኝ እጁ መከተው። ተማሪዎች አንዱን ያዙ፤ ሌላው አመለጠ። በማግስቱ ዓርብ፣ አርብ ገበያ ከተማ ላይ አበጀ ካመለጠው ሰው ጋር ሲያዝ፣ አዱኛ የትና በምን ስም እንደተሸሸገ የሚገልጸው ያ ደብዳቤ ታትሞ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። በወረቀቱ አናት ላይ የላኪው ስም «ሰብለ ማሩ» ይላል፤ ከእርሷ ማሽን ስለወጣ። የሰብለ እናት ትውልዳቸው ስማዳ ነው። በዚሁ ምክንያት ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሰብለ ከቢሮ ተወሰደች። ስትወጣ ወደ እኔ ክፍል ዞር ብላ አየችኝ። ወረቀት የማገላብጥ መሰልኩ።

ቢሮው ባዶ ሲሆን ማሽኗን ከፍቼ ያንን አንድ መስመር ጨመርኩ። ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ፣ የጎደለውን የሞላሁት ለማዳን ሳይሆን እንዳይታወቅብኝ ነው። የቀድሞውን ማክሮ ግን ፍላሽ ላይ ቀድቼ ወስጄዋለሁ። ለምን እንደወሰድኩት ተጠይቄአለሁ። ምናልባት አንድ ቀን እንደምመጣ አውቄ ይሆናል።

ቅዳሜ የካቲት 19 ቀን ከወ/ሮ ትርሲት ጋር አዱኛ ወደ ተኛበት ሆስፒታል ሄድኩ። ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ተቆርጧል። የኔታ ምስጋናው አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። ወ/ሮ ትርሲት «እንዴት አደሩ የኔታ?» ሲሏቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጄ ነፍሱ አለች። ድጓውን ጽፎ ሊጨርስ ሠላሳ ቅጠል ቀርቶት ነበር፤ ለትንሣኤ ሊያስመሰክር» አሉ። ቆይተው ወደ እኔ ዞረው «አንተ የተማርህ ነህ፤ የክርስትና ስሙን ማን ነገራቸው?» አሉኝ። «እኔ እንጃ የኔታ» አልኳቸው። አዱኛ ሳያቃስት ጣራ ጣራውን ያይ ነበር። «በግራ ይጻፋል ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው።

እሑድ የቅበላ ዕለት እርቁ መፈጸሙ ቀርቶ ሽማግሌዎቹ ወደየቤታቸው ተበተኑ። በዚያው ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ የሰብለ እናት ወ/ሮ አሰለፈች በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ አንተ ኮምፒውተሩን ታውቃለህ። ሰብለ ለሰው ደም ወረቀት ታቀብላለች? አንድ ቃል ብትናገርላት ይሰሙሃል» አሉኝ። «ፖሊስ አጣርቶ ይለቃታል፣ እማማ» አልኳቸው። «ተባረክ» አሉኝ። መርቀውኝ ሄዱ። ያ ምርቃት እንቅልፍ ነሳኝ። ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር።

ሰብለ ምሥጢር አላወጣችም፤ ለማንም አልተናገረችም፤ «ላክ» የሚለውንም አልተጫነችም። አስጠንቅቃኛለች፤ አልሰማኋትም። ወ/ሮ ትርሲትም በሰው እጅ ይሂድ ብለው አዝዘዋል። ማክሮውን የሠራሁት፣ ጉድለቱን ሳምንት ሙሉ እያወቅሁ የተውኩት፣ ደብዳቤውን የላክሁት፣ ከዚያም ጉድለቱን የሸሸግሁት እኔ ነኝ። ክፉ አላሰብኩም ብዬ ልከራከር መጥቼ አይደለም። የአዱኛ እጅ ክፉ ታስቦ አልታሰበ አይለይም።

የቀድሞው ማክሮ ያለበትን ፍላሽ ለሳጅን ሥዩም አስረክቤአለሁ። ግልባጭ ያለው ደብዳቤና ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ተራ በተራ ቢሞከርበት ያልኩት እውነት መሆኑ ይታያል። ባለሙያ ይየው፤ እኔ አልነካውም።

የምጨምረው ነገር እንዳለ ተጠይቄ፣ የዚህ ቃል ግልባጭ ለወ/ሮ አሰለፈች እንዲሰጥልኝ ለምኜ ነበር። ሳጅን ሥዩም የምስክር ቃል ግልባጭ እንደማይሰጥ ነገሩኝ። ወ/ሮ አሰለፈች አሁን ለልጃቸው የጾም ምሳ ይዘው ከጣቢያው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ስገባ አይተውኝ ለሰብለ ልመሰክር የመጣሁ መስሏቸው ቆመው አመስግነውኛል። ስለዚህ ፈርሜ ወደ እስር ከመግባቴ በፊት ከፖሊስ ጋር እስከ በሩ እንድወጣና በአፌ እንድነግራቸው ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

ይህ ቃል በእጅ በአንድ ቅጂ ተጽፎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል። የተጻፈው እኔ የተናገርኩት ነው፤ ማንም አላስገደደኝም፤ የቀነስኩት የለም። እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ምንተስኖት አበባው (ፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሥዩም (ፈርሟል)

ማስታወሻ፦ ምስክሩ ከቀኑ 5፡40 ሰዓት ላይ በአጃቢ ወደ በሩ ወጥቶ ለወ/ሮ አሰለፈች ነግሯቸው ተመልሷል። ወ/ሮ አሰለፈች የያዙትን ምሳ ሁለት ቦታ ከፍለው ግማሹ ለእርሱ እንዲገባለት ሰጥተዋል።
ሳጅን ሥዩም