«እንዳትነኩት»

ጋሽ ፍሥሐ የመሥሪያ ቤታችን የኮድ አባት ናቸው። ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራው ፕሮግራም) ከዋናው ኮምፒውተር ጋር ፋይል የሚጋራበትን፣ ድራይቨር የሚባለውን አገናኝ ፕሮግራም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ አብረን ወደ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ ዳገቱ ትንፋሽ አሳጠረኝና፣ ለማረፊያ ሰበብ ለዓመታት የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ድራይቨሩ ውስጥ ጊዜያዊ ማስቀመጫው ካሽ ላይ የቆየውን ወደ ዲስክ የሚመልስ ኮድ አለ። ግን እኮ ካሽ ላይ የሚቆይ ነገር የለም፤ ሁሉም በቀጥታ ነው የሚጻፈው። ለምን አስገቡት?»

«ከሌላ ድራይቨር ስገለብጥ አብሮ የመጣ ነው። በኋላ ላጠፋው ስል አንዱ ‹እንዳትነኩት!› ብሎ ጽፎበታል። የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ተውኩት።»

ማስጠንቀቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኛ! ጋሼ ያለ ምክንያት አያስገቡትም ብዬ።

ነገሩን ስነግራቸው ባሕር ዛፍ ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አጥፋው፤ ግን ለአዲሶቹ የቢሮ ልጆች እንዳትነግራቸው» አሉ።

«እርስዎም የእኔን አይንገሩብኝ» አልኩ።

ሰኞ አጠፋሁት፤ ምንም አልተበላሸም። ከሰዓት ግን አዲሶቹ ልጆች ባዩን ቁጥር ይስቃሉ። ለካ እያንዳንዱ መስመር፣ የጠፋውም ቢሆን፣ ከነጸሐፊው ስም ተመዝግቦ እንደሚቀመጥ ሁለታችንም ዘንግተን ኖሯል። ኮድ ከመንካታችሁ በፊት መዝገቡን እዩ ብለን ያስተማርናቸው ደግሞ እኛው ነን።